ዴይቶና ዩኤስኤ ትዊን ታድሶ ለሽያጭ (አዳማ)፦ ማስታወቂያውን ከመለጠፌ በፊት ጉድለቱን ንገሩኝ

ባለማርሽ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለቤቱ። አንድ የሴጋ ዴይቶና ዩኤስኤ ማሽን (ጌም ቤት ውስጥ ተቀምጠው የሚጫወቱት የመኪና እሽቅድምድም) ለሽያጭ እያዘጋጀሁ ነው። ትዊን የሚባለው ነው፤ ሁለት መቀመጫ ጎን ለጎን፣ በየጎኑ የራሱ ሞዴል 2 ቦርድ (ጨዋታውን የሚያስኬደው የሴጋ ቦርድ) እና 29 ኢንች ባለቱቦ ስክሪን (እንደ ድሮ ቴሌቪዥን)። የ1994 እ.ኤ.አ. ጨዋታ ነው። ማሽኑ በ110 ቮልት የሚሠራ ነው። ያለው አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ።

የተሠራለት፦ ስድስቱም ፖቴንሾሜትር (ምን ያህል እንደዞረ ወይም እንደተረገጠ ለቦርዱ የሚነግረው፤ በየጎኑ መሪ፣ ነዳጅ፣ ፍሬን) በአዲስ ባለ 5 ኪሎ ኦም ሊኒየር ተቀይሯል። የሁለቱም ሞኒተር ቻሲ (ስክሪኑን የሚያሠራው ቦርድ) ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች ተለውጠዋል። የግራው ማርሽ ማይክሮስዊች (ማርሹ ሲገባ የሚጫነው ትንሽ ማብሪያ) ሁሉም አዲስ ነው፣ የቀኙ ሁለቱ ብቻ። የመሪው ኩሽኔታ ተቀይሮ ግራሶ ገብቶለታል። የበሰበሰው የእግር መርገጫ በ18 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ተተክቷል። ስቲከሩ ባነር ቤት ታትሞ ላሚኔሽን ተደርጎበታል። ስፒከሮቹ አዲስ ናቸው። የራስጌው መብራት ከፍሎረሰንት ወደ ኤልኢዲ ተዛውሯል።

የቀረው፦ አንደኛ፣ የግራው ጎን ከአንድ ሰዓት ተኩል ጨዋታ በኋላ ራሱን አጥፍቶ እንደገና ይነሳል። ሁለተኛ፣ የቀኙ ስክሪን ታችኛው ማዕዘን ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው እድፍ አለ። ሦስተኛ፣ ሁለቱ ጎኖች አይገናኙም፤ ለየብቻ ይጫወታሉ እንጂ እርስ በርስ መወዳደር አይቻልም።

ጥያቄዎቼ፦ ለሁለት ከፍዬ ብሸጠው ይሻላል? ቱቦውን አውጥቼ ኤልሲዲ ባስገባበት ገዢ ይበዛል? ዋጋውስ በምን ይተመናል?

ቮልት220

ዋጋውን ተወው፣ መጀመሪያ ሪሴቱን (ራሱን አጥፍቶ መነሳቱን) ጨርስ። ገዢው መጥቶ ሃያ ደቂቃ ተጫውቶ ይገዛሃል፣ ማታ ጌም ቤቱ ሲሞላ ማሽኑ ይጠፋበታል፣ በማግስቱ በርህ ላይ ነው።

ሲሞቅ የሚነሳ ሪሴት አብዛኛውን ጊዜ የ5 ቮልቱ መስመር ነው። ቴስተርህን ፓወር ሰፕላዩ ላይ አድርገህ "5.05 አለ፣ ደህና ነው" አትበል። መለካት ያለብህ ቦርዱ ላይ ነው፣ ኃይሉ በሚገባበት ኮኔክተር፣ ጨዋታው እየተጫወተ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ከሠራ በኋላ። እዚያ ከ5.0 እስከ 5.1 ማግኘት አለብህ። ከ4.8 በታች ከወረደ ቦርዱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

በሁለቱ መካከል ልዩነት ካገኘህ ኪሳራው ከሽቦው ወይም ከኮኔክተሩ ነው። ኮኔክተሩን ነቅለህ ፒኖቹን እያቸው፤ ቡኒ የሆነ ወይም ፕላስቲኩ የቀለጠ አንድ አይጠፋም። የላላ ፒን ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይበልጥ ይላላል፣ ስለዚህ ነው ሰዓት የሚወስደው። ፒኑን ቀይር፣ የ5 ቮልትና የግራውንድ ሽቦዎቹን በ2.5 ካሬ ተካ።

አንድ ነገር ግን እንዳታደርግ፦ የፓወር ሰፕላዩን ማስተካከያ አጥብቀህ 5.4 አድርገህ ኪሳራውን አትሸፍን። ዛሬ ይሠራልሃል። ነገ ሰው ኮኔክተሩን ነቅሎ ሲሰካው ግንኙነቱ ይሻሻልና ሙሉው 5.4 ቦርዱ ላይ ይወርዳል።

ሌላው ፋኑ ነው። የ60 ኸርዝ ኤሲ ፋን እኛ ጋ በ50 ኸርዝ ሲሠራ ፍጥነቱ ከስድስት አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል። በዚያ ላይ የአዳማ ንፋስና አቧራ ተጨምሮበት ክንፉ ላይ ጭቃ ይጋገራል። አውጥተህ በ12 ቮልት ዲሲ ፋን ተካው፣ አየር መግቢያው ላይ ስስ ስፖንጅ አድርግበት፣ ስፖንጁ በየሁለት ሳምንቱ እንደሚታጠብ ለገዢው ንገረው።

220ውን ወደ 110 ስለሚያወርደው ትራንስፎርመር ምንም አላልክም። በምንድነው የምታስነሳው?

ባለማርሽ

ጋሽ ቮልት፣ በ1000 ቪኤ (ቮልት በአምፔር ሲባዛ) ትራንስፎርመር ነው፣ ለሁለቱም ጎን አንድ። እሱም ይሞቃል።

ቮልት220

ይሞቃላ! ከማሽኑ ኋላ የተለጠፈውን ሰሌዳ አንብብ። ለምሳሌ 110 ቮልት 8 አምፔር የሚል ከሆነ 880 ቪኤ ነው። በአንድ ተኩል አባዛው፣ 1320 ይመጣል። ገበያ ላይ ከዚያ ቀጥሎ የሚገኘው 1500 ነው፣ እሱን ግዛ። በ1000 ላይ የተጻፈውን ቁጥርም ሁልጊዜ አትመነው፤ ክብደቱን አንሳና እየው፣ ቀላል ከሆነ ውስጡ መዳብ የለም።

ሲበራ ሁለቱ ቱቦዎች ዲጋውስ ሲያደርጉ (የያዛቸውን ማግኔት ሲያጸዱ) በቅጽበት ብዙ አምፔር ይስባሉ፣ ብሬከሩ የሚወርደው ለዚህ ነው። አንዱን ጎን አብራ፣ አስር ሰከንድ ቆይ፣ ሌላውን አብራ። ይህንን በወረቀት ጽፈህ ማሽኑ ጀርባ ለጥፍ።

ትራንስፎርመሩን በቀጭን ዲቫይደር ላይ እንዳትሰካው። ቀጥታ ግድግዳ ሶኬት፣ ኧርዝ ያለው። ኧርዝ በሌለበት ቤት የማሽኑ ብረት እጅ ይነዝራል፣ ልጆች ደግሞ ባዶ እግራቸውን ይቀመጡበታል።

ጥቁር_ቱቦ

የቀኙ ስክሪን እድፍ መልሱ ያለው ራስህ የጻፍከው ውስጥ ነው፦ "ስፒከሮቹ አዲስ ናቸው"። የመኪና ስፒከር ነው የገባው አይደል? የመኪና ስፒከር ማግኔት ሽፋን የለውም። ቱቦ አጠገብ ሲቀመጥ የኤሌክትሮኑን ጨረር ይጎትተዋል፣ ቀይ ሊያርፍበት የሚገባው ቦታ ላይ ሰማያዊ ያርፋል፣ ያ ነው ወይን ጠጁ። ሙከራው ቀላል ነው፦ ስፒከሩን ፈተህ ሽቦው እንደተያያዘ ግማሽ ሜትር አርቀው። እድፉ ከቀነሰ ወይም ከተንቀሳቀሰ አገኘኸው። ለቱቦ ቅርብ በሆነው ቦታ ከአሮጌ ባለቱቦ ቴሌቪዥን የወጣ ስፒከር አስገባ፣ እነዚያ ሽፋን አላቸው።

ስፒከሩን ካነሳህ በኋላም እድፉ የተወሰነ ይቀራል፤ ቱቦው ውስጥ ያለው ስስ ብረት ማግኔት ይዟል። ማሽኑን አጥፍተህ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆይተህ አብራው። ቶሎ ቶሎ ማብራት ማጥፋት ጥቅም የለውም፣ ምክንያቱም ዲጋውሱን የሚቆጣጠረው ፒቲሲ (ሲሞቅ ኃይሉን የሚገድብ ትንሽ ክፍል) እስኪቀዘቅዝ ድረስ አይሠራም። ሦስት አራት ጊዜ አድርገህ ካልለቀቀ በእጅ የሚያዝ የዲጋውስ ጥቅል ያለው ቴሌቪዥን ጠጋኝ ጥራ። ጥቅሉን እያሽከረከሩ ሁለት ሜትር ያህል ከራቁ በኋላ ነው የሚያጠፉት። አጠገቡ ላይ ካጠፉት ይብሳል።

ስለ ኤልሲዲ፦ በእኔ አስተያየት አታድርገው። ሞዴል 2 የሚያወጣው ምስል በ24 ኪሎ ኸርዝ (በሰከንድ 24 ሺህ ያህል መስመር) ነው። ተራ ቴሌቪዥንም የኮምፒውተር ስክሪንም ይህን በቀጥታ አይቀበልም፣ መሃል ላይ እንደ ጂቢኤስ 8200 ያለ መቀየሪያ ቦርድ ይፈልጋል። ይሠራል፣ ግን ምስሉ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ትንሽም ይዘገያል። በእሽቅድምድም ጨዋታ ደግሞ መሪውን አዙረህ መኪናው ቆይቶ ሲዞር ተጫዋቹ ወዲያው ያውቅብሃል። አሁን የሚሸጡት ስክሪኖች ሰፋፊ ስለሆኑ ምስሉን ወይ ትለጥጠዋለህ ወይ ግራ ቀኙን ጥቁር ትተዋለህ። ሁለቱ ቱቦዎችህ ደህና ከሆኑ የማሽኑ ዋጋ እነሱ ላይ ነው ያለው።

ለገዢውም አንድ ማስጠንቀቂያ ጻፍለት፦ ሞኒተሩ ሲበላሽ የሰፈር ቴሌቪዥን ጠጋኝ ይጠራል፣ ጠጋኙም ፍላይባኩን (ለቱቦው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠውን ትራንስፎርመር) ከቴሌቪዥን አውጥቶ ሊተካለት ይሞክራል። የቴሌቪዥን ፍላይባክ የተሠራው ለ15.6 ኪሎ ኸርዝ ነው፤ በ24 ላይ ሲገባ ወይ ራሱ ይቃጠላል ወይ የሆሪዞንታል ትራንዚስተሩን ይዞ ይሄዳል። ካፓሲተር ይቀይርልህ፣ የለቀቀ ሊድ ይበይድልህ፣ ከዚያ አይለፍ።

ስፒከሩን ለመፍታት እጅህን ወደ ቱቦው ካስገባህ ደግሞ መጀመሪያ ቱቦውን አራግፈው፣ ማለትም ከጠፋ በኋላም የያዘውን ከፍተኛ ቮልት አስወጣ። ስፒናውን ንቀል። ረጅም ካቻቢቴ ያዝ፣ ብረቱን በሽቦ ከቱቦው ጀርባ ካለው የተጠለፈ የግራውንድ ሽቦ ጋር አገናኝ፣ አንድ እጅህን ኪስህ አስገባ፣ በሌላው የካቻቢቴውን ጫፍ ቱቦው ላይ ወፍራሙ ሽቦ በሚገባበት የጎማ ቆብ ስር አስገባ። ጠቅ ይላል። አምስት ደቂቃ ቆይተህ ድገመው፣ ቱቦው ትንሽ መልሶ ይይዛል።

የጆተኒ_ልጅ

ባለማርሽ ወንድሜ፣ ለሁለት መክፈሉን ተወው። አንድ መቀመጫ ብቻውን ከፕሌይስቴሽን ጋር ነው የሚወዳደረው፣ እዚያ ደግሞ ተሸናፊ ነህ። ትዊን የሚሸጠው ሁለት ጓደኛሞች ተቀምጠው ስለሚሰዳደቡበት ነው። ጆተኒ እስካሁን ያልሞተውም በዚሁ ነው።

ስለዚህ ማገናኛውን አስተካክል። ገመዱ ምን ሆኖ ነው?

ባለማርሽ

አንድ የኦፕቲካል ገመድ ብቻ ነው ያለው። ስሰካው ሁለቱም "ኔትወርክ ቼኪንግ" የሚል ጽሑፍ ላይ ይቆማሉ፣ ስለዚህ ነቅዬ ሁለቱንም ሲንግል አድርጌያቸዋለሁ።

የጆተኒ_ልጅ

ሁለት ገመድ ነው የሚፈልገው። ዙር ነው፦ ከግራው መላኪያ ወደ ቀኙ መቀበያ፣ ከቀኙ መላኪያ ወደ ግራው መቀበያ። ገመዱ ቶስሊንክ ነው፣ የቤት ቴአትር ድምፅ ማጫወቻ ላይ የሚሰካው ራሱ። ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሁለት ሜትሩን ታገኛለህ። በጨለማ ውስጥ ሌላውን ጫፍ ስታየው ቀይ ብርሃን ካወጣ መላኪያው ይሠራል። ስትዘረጋው በጠባቡ አታጥፈው፣ ውስጡ ፕላስቲክ ነው፣ ከተሰበረ ውጪው ምንም ሳይመስል ብርሃኑ ይሞታል።

ከዚያ ቴስት የሚለውን ቁልፍ ተጭነህ ጌም አሳይመንት ውስጥ ግባ። የሊንክ መለያውን አንዱን ማስተር፣ ሌላውን ስሌቭ አድርግ። ሁለቱን ማስተር ካደረግህ አይነሱም። የመኪናውን ቁጥርም ለየብቻ ስጣቸው። ገዢው አንድ ቀን አንዱን ጎን ለጥገና ሲያጠፋ ሌላው እዚያው "ቼኪንግ" ላይ ይቆምበታል፤ ያኔ ወደ ሲንግል መመለስ እንዳለበት አሳየው። "ተበላሸ" ብሎ ከሚደውልልህ ስልክ ግማሹ በዚህ ይቀራል።

ስለ ሳንቲሙ ደግሞ። የኳርተር (የአሜሪካ 25 ሳንቲም) መቀበያ የኛን 1 ብር ሳንቲም አይወስድም፣ ብራችን ይሰፋል። ገዢው ካሸር አስቀምጦ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ከሳንቲም መቀበያው ማይክሮስዊች ሁለት ሽቦ ጎትተህ ካሸሯ ጠረጴዛ ላይ እንደ በር ደወል ያለ፣ ሲለቁት የሚመለስ ቁልፍ አድርግለት። ልብ በል፣ ሰርቪስ ቁልፉ ላይ አታያይዘው። ሰርቪስ ላይ ከሆነ ክሬዲቱ ይገባል፣ ነገር ግን ሂሳብ መዝገቡ ውስጥ እንደ ሳንቲም አይቆጠርም። ሳንቲም መስመሩ ላይ ከሆነ ባለቤቱ ማታ ቴስት ውስጥ ገብቶ ስንት ዙር እንደተሸጠ ያያል። ለጌም ቤት ባለቤት ይህን ስታሳየው ዓይኑ ይበራል፣ ስለ ግራፊክስ ማውራት ያቆማል።

ዋጋ፦ የወጪህን ደረሰኝ ደምረህ ትርፍ ጨምረህ አትምጣ፣ ገዢው ስንት ቀን እንደለፋህ አያገባውም። እሱ የሚያሰላው በስንት ወር እንደሚመልስለት ነው። ቁጥሩ ለምሳሌ ይሁን፦ በሰው 30 ብር፣ በቀን ከሁለቱም መቀመጫ 40 ዙር፣ 1,200 ብር። በወር 26 ቀን ቢከፍት 31,200። ከዚህ ለቦታ፣ ለካሸርና ለመብራት ሲሶውን አንሳ፣ 20,800 ይቀራል። አስር ወር ውስጥ ይመልስልኝ የሚል ሰው ከ208,000 በላይ አይከፍልህም፣ ስድስት ወር የሚል ደግሞ ወደ 125,000 ይወርዳል። አንተ እነዚህን ቁጥሮች ትተህ ቅዳሜና እሑድ የገዢህ ቤት አካባቢ ያለ ጌም ዞን ገብተህ ሰው ቁጠር። ማክሰኞንም ቁጠር፣ ማክሰኞ ነው እውነቱን የሚናገረው።

ባለማርሽ

አመሰግናለሁ። ለካሁ። ጋሽ ቮልት እንዳለው ፓወር ሰፕላዩ ላይ 5.06፣ ቦርዱ ላይ ግን አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ከሠራ በኋላ 4.71። ኮኔክተሩ ውስጥ ሁለት የግራውንድ ፒን ጠቁሯል። ቀየርኳቸው፣ ሽቦውንም ወፍራም አደረግሁ። አሁን ከሦስት ሰዓት በኋላ 5.02። ስፒከሩን ሳርቀው ደግሞ እድፉ ወደ ላይ ተንቀሳቀሰ፣ እንደተባለው ነው። ገመዱን አዝዣለሁ።

አሁን ቪዲዮ ልቀርጽ ነው። ስልኬ ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመር ሲወርድ ያሳያል፣ በዓይን ግን የለም።

ጥቁር_ቱቦ

የካሜራው ፍጥነትና የቱቦው ፍጥነት ስላልተገናኙ ነው። ፕሮ ሞድ ካለው ሻተሩን 1/60 አድርገው፤ መስመሩ ጨርሶ ባይጠፋም ይደበዝዛል። መብራቱን አጥፋ፣ ከመስኮት የሚመጣውን ብርሃን በመጋረጃ ሸፍን። ማስታወቂያው ላይ "መስመሩ የካሜራ ነው" ብለህ ጻፍ፣ አለዚያ በአስተያየት መስጫው ሁሉም ቴክኒሺያን ይሆንብሃል።

ቪዲዮው ሳይቆረጥ ይሁን፦ ከቀዝቃዛ ማብራት ጀምረህ የቴስት ሜኑው ውስጥ ግባ። ኢንፑት ቴስት ላይ መሪውን ቀስ ብለህ ከዳር እስከ ዳር አዙር፣ ቁጥሩ ሳይዘል መውጣትና መውረድ አለበት። መሃል ላይ ሲለቀቅ 80 አካባቢ ቢያርፍ ጥሩ ነው (ቁጥሩ በሄክስ ነው፣ ከ00 እስከ FF ይሄዳል፣ 80 መሃሉ ነው)። ከራቀ የፖቴንሾሜትሩን ጥርስ አላልተህ አዙረው፣ ከዚያ ካሊብሬሽን አድርግ። ማርሹንም ከ1 እስከ 4 አስገባ። ከ2 ወደ 3 ሲገባ ኒውትራል የሚያሳይ ከሆነ ያልቀየርካቸው የቀኙ ማይክሮስዊቾች ናቸው፣ አሁኑኑ ቀይራቸው።

ሐይቅዳር

ሰላም፣ ሐዋሳ ነኝ። ለጌም ዞን ፈልጌው ነበር። ወደዚህ ማምጣቱ እንዴት ነው? በሬ 85 ሴንቲ ሜትር ነው። ከእሱ ጋርስ ምን መለዋወጫ ይሰጠኛል?

ባለማርሽ

ሰላም ሐይቅዳር። ትዊኑ መሃሉ ተፈትቶ ለሁለት ይከፈላል፣ መቀመጫውም ከፊት ክፍሉ ይለያል። የእያንዳንዱን ክፍል ስፋት በሜትር ለክቼ ፎቶውን እልክልሻለሁ፤ አንቺም በሩን ብቻ ሳይሆን ከበሩ ቀጥሎ ያለውን መታጠፊያ ለኪ። አብሮት የሚሄደው፦ 4 ፖቴንሾሜትር፣ 6 ማይክሮስዊች፣ 1 የ5 ቮልት ፓወር ሰፕላይ፣ 2 ትርፍ የቶስሊንክ ገመድ፣ የፊውዝ ፓኮና 1500 ቪኤ ትራንስፎርመር።

የጆተኒ_ልጅ

ሐይቅዳር እህቴ፣ ስለ ጉዞው፦ በአይሱዙ ይምጣ፣ ክፍት ፒካፕ ላይ አይጫን። ቆሞ ነው የሚጫነው፣ በጎኑ እንዳይተኛ። ስር አሮጌ ፍራሽ ይነጠፍ፣ ስክሪኑ በብርድ ልብስና በካርቶን ይሸፈን፣ ገመዱ ፕላስቲኩን ሳይሆን የብረት ፍሬሙን ይዞ ይታሰር። ቦርዶቹ ከነቤታቸው ወጥተው ጋቢና ውስጥ ይሂዱ። በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ እስከ ሻሸመኔ ያለው መንገድ ላይ ስፒድ ብሬከር አይጠፋም፤ የቱቦው ኋላ አንገት ቀጭን ብርጭቆ ነው፣ ከተሰነጠቀ አየር ይገባና አለቀለት። ለሾፌሩ ቴሌቪዥን ነው በሉት፣ "ጌም" ካላችሁት አሻንጉሊት ይመስለዋል።

የጫኝና አውራጁን ሒሳብ በሁለቱም ከተማ መኪናው ከመድረሱ በፊት ተነጋገሩ፣ ማሽኑ መንገድ ላይ ቆሞ ዋጋ አይቆረጥም። ሲደርስ በዚያው ሌሊት አታብሪው፣ ሐይቁ አጠገብ ሌሊቱ እርጥብ ነው። ይደር፣ ጠዋት ኮኔክተሮቹን በእጅሽ አንድ በአንድ ተጫኚያቸውና አብሪ።

ቀብድ_ያዥ

ክፍያው ላይ ልግባ። ሐይቅዳር አዳማ መጥታ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ማሽኑ በርቶ ታየው፣ ከሪሴቱ ታሪክ አንጻር ሃያ ደቂቃ አይበቃም። ከዚያ ቀብድ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ቀብድ የሰጠው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል፣ በውሉ ሌላ ካልተባለ በስተቀር። ስለዚህ "ቀብድ" የሚለውን ቃል ቅድመ ክፍያ ከሚለው ጋር አታደባልቁት፣ የትኛው እንደሆነ ጻፉ።

ውሉ ላይ የሁለቱም ጎን ሲሪያል ቁጥር፣ የመለዋወጫው ዝርዝር በፍሬ፣ የታወቁት ጉድለቶች (የስክሪኑ እድፍ ከቀረ እሱም)፣ ማጓጓዣውን ማን እንደሚከፍልና መንገድ ላይ ቢሰበር የማን እንደሆነ ይግባ። ይህ የመጨረሻው ካልተጻፈ ሻሸመኔ ላይ ጠብ ይነሳል። ምስክር ሁለት ወይም ሦስት።

ባለማርሽ፣ ቀሪውን ክፍያ በባንክ ወይም በቴሌብር ስትቀበል የሚላክልህን ስክሪንሾትም፣ የገባ የሚመስለውን ኤስኤምኤስም አትመን። ራስህ አካውንትህን ከፍተህ ቀሪ ሒሳቡን እይ፣ ከዚያ ይጫን።

ባለማርሽ

ማስታወቂያውን እንዲህ አድርጌዋለሁ፣ እዩልኝ፦

"ሴጋ ዴይቶና ዩኤስኤ ትዊን፣ 1994 እ.ኤ.አ.። ሁለት መቀመጫ፣ እርስ በርስ የሚያወዳድር። ኦሪጅናል ሞዴል 2 ቦርድ፣ ኮምፒውተር አልገባበትም። ኦሪጅናል ባለቱቦ 29 ኢንች ስክሪን፣ ካፓሲተሮቹ የተቀየሩ። የቀኙ ስክሪን ማዕዘን ላይ ቀላል የቀለም እድፍ አለ። ለካሸር የክሬዲት ቁልፍ ያለው፣ የዕለቱን ዙር የሚቆጥር። በ220 ይሠራል። አዳማ መጥተው የፈለጉትን ያህል ሰዓት አብርተው ይፈትሹ። መለዋወጫ አብሮ ይሰጣል። ዋጋ በስምምነት።"

የጆተኒ_ልጅ

"ዋጋ በስምምነት" አውጣ፣ ቁጥር ጻፍ። ቁጥር ከሌለው የሚደውልልህ ደላላ ብቻ ነው።

ቮልት220

"በ220 ይሠራል" ብለህ እንዳትተወው። "በ1500 ቪኤ ትራንስፎርመር በኩል" ብለህ ጨምርበት፣ የማሽኑንም ስፒና በቀይ ቴፕ ጠቅልለህ 110 ብለህ ጻፍበት። አንዱ ጠረጴዛ ሲያንቀሳቅስ ነቅሎ ቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካዋል።